በፓራሹት መሬት ታክኮ ስለ መብረር ስፖርትና ስለ አጀማመሩ

ጭልፊት ጫጩት ሊነጥቅ ሲወርድ ያየ ሰው የዚህን ጽሑፍ ነገር ግማሹን ዐውቆታል ማለት ይቻላል። ወፉ ከላይ ክንፉን ሰብስቦ ይወረወራል፤ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ክንፉን ዘርግቶ ይቃናል፤ በመውረድ ያገኘውንም ፍጥነት ይዞ ሣሩን እየታከከ ያልፋል። በፓራሹት ከሚዘሉ ሰዎች መካከል ይህንኑ የሚያደርጉ አሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስፖርቱን «ስዉፕ» ይሉታል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ከአንድ ጓደኛችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጓደኛችን ለትምህርት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፍሎሪዳ ከሄደ በኋላ በፓራሹት መዝለል ጀምሮ እስከ አሁን አርባ ጊዜ ያህል ዘልሏል። የስዉፕ ውድድር ተመልክቶ ልቡ ስለ ተማረከ፣ አንድ ሰው በርካሽ ሊሸጥለት የፈቀደውን ትንሽ ፓራሹት ገዝቶ ለመጀመር ዐስቧል፤ «እናንተ ፊዚክስ የምትማሩ ምን ትላላችሁ?» ሲልም ጠየቀን። እኛ ከአውሮፕላን ዘልለን አናውቅም፤ ስለዚህ መዝለልን ልናስተምረው አንችልም። ነገር ግን ጥያቄው በአብዛኛው የክብደት፣ የስፋትና የፍጥነት ጥያቄ ስለ ሆነ፣ የውድድሩን ደንብና የዘላዮቹን ልማድ መርምረን መልሳችንን ለአንባቢዎችም እናቀርባለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ፓራሹቱ ክንፍ ስለ መሆኑ

ፓራሹት ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አየር ወለድ ወታደሮች የሚወርዱበት ክቡ ዐይነት ነው። የክቡ ፓራሹት ዋና ሥራ መውረድን ማዘግየት ነው። ዛሬ ስፖርተኞች የሚዘሉበት ግን ዶሚና ጃልበርት የተባለው በካናዳ የተወለደ ሰው በ1964 አሜሪካ ውስጥ ከፈለሰፈው ዐይነት የመጣ ነው። ጨርቁ ከላይና ከታች ድርብ ሆኖ፣ መካከሉ በብዙ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። የፊት አፉ ክፍት ስለ ሆነ አየር እየገባ ይነፋዋል፤ በዚህም የአውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ይበራል፤ ይታጠፋል፤ ይፈጥናል፤ ይዘገያል።

ዘላዩ በረጅም ገመዶች ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለ ስለ ሆነ እንደ ፔንዱለም ነው። ክንፉን በብርቱ ሲያጥፈው አካሉ ወደ ውጭ ይወነጨፋል፤ ክንፉም አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ ቁልቁል ይነጉዳል። መታጠፉ ሲቆም አካሉ ወደ ክንፉ ሥር ይመለሳል፤ ክንፉም በራሱ ጊዜ እየተቃና ይመጣል። በመጨረሻ ዘላዩ የፍሬኑን እጀታዎች ቀስ እያደረገ ሲስብ፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ በአግድም ይበራል። እንግዲህ ስዉፕ ማለት በከፍታ ፍጥነትን መግዛት፣ በፍጥነትም ርቀትን መግዛት ነው። ከፍታው ካለቀ ግን የሚያበድር የለም።

ለ. ስለ ውድድሩ

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2006 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተደረገ። የውድድሩ ቦታ ብዙውን ጊዜ በኩሬ ላይ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ተወዳዳሪው አስቀድሞ 10 ሜትር ስፋት ባለው በር፣ ከ1 ሜትር ተኩል ከማይበልጥ ከፍታ ላይ መግባት አለበት። ከፍ ብሎ ካለፈ አልገባም ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና ሦስት ዐይነት ነው።

አንደኛው ርቀት ነው፤ ከበሩ ጀምሮ መሬት ሳይነኩ እጅግ ርቆ መሄድ ነው። ሁለተኛው ፍጥነት ነው፤ 70 ሜትር ርዝመት ያለውንና የሚጠመዘዘውን መንገድ በአጭር ጊዜ ማቋረጥ ነው። የበቁ ተወዳዳሪዎች ይህን በ2 ሰከንድ ተኩል ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያልፉታል፤ ይህም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሦስተኛው ዒላማ ነው፤ በውሃው ላይ ያሉትን በሮች እግርን ወይም ሌላ የአካል ክፍልን ውሃ እያስነኩ አልፎ፣ በማዶ በተከለለው ቦታ ማረፍ ነው።

በርቀት በኩል በ2011 አሜሪካዊው ኒክ ባች በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በሎንግሞንት 222.45 ሜትር ሄዷል። ይህ ቦታ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ያው ክንፍ ያንኑ ሰው ለመሸከም በበለጠ ፍጥነት መብረር ይኖርበታል። በአዲስ አበባ ከፍታ ስሌቱን ብንሠራው ፍጥነቱ በባሕር ወለል ካለው በመቶ 12 ያህል ይበልጣል። ለባለሙያው ይህ ትርፍ ነው፤ ለጀማሪው ግን ዕዳ ነው።

ሐ. ክብደትና ስፋት

አሁን ወደ ጓደኛችን ትንሽ ፓራሹት እንምጣ። ዘላዮች የራሳቸውንና የመሣሪያቸውን ክብደት በፓውንድ፣ የጨርቁን ስፋት በስኩዌር ፉት ለክተው አንዱን ለሌላው ያካፍላሉ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው ከነመሣሪያው 200 ፓውንድ፣ ማለት 91 ኪሎ ግራም ቢመዝንና 200 ስኩዌር ፉት በሆነ ክንፍ ቢዘል ውጤቱ 1 ይሆናል። ክንፉ 100 ስኩዌር ፉት ቢሆን ግን 2 ይሆናል። ተማሪዎች ከ1 በታች በሆነው ይጀምራሉ፤ በዓለም ውድድር የሚታዩት ደግሞ ከ2 በላይ ናቸው።

ይህ ቊጥር በእጥፍ ሲያድግ የክንፉ ፍጥነት ወደ 1.4 እጥፍ ያድጋል። በተጨማሪም ትንሹ ክንፍ ገመዱ አጭር፣ አስተጣጠፉም ፈጣን ስለ ሆነ፣ ትንሽ የእጅ ስሕተት ብዙ ከፍታ ያስጨርሳል። የእንቅስቃሴ ኀይልም በፍጥነቱ ስኩዌር እንደሚያድግ ሁላችንም ተምረናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር መሬት የሚመታና በ90 የሚመታ ሰው ፍጥነታቸው በ3 እጥፍ፣ ኀይላቸው ግን በ9 እጥፍ ይለያያል።

መ. አደጋው ከየት ይመጣል?

ውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው የዚህ ስፖርት አደጋ የፓራሹት አለመከፈት ይመስለዋል። ነገር ግን በስዉፕ የሚጎዳው ሰው ፓራሹቱ ተከፍቶ፣ አንዳች ጉድለት ሳይኖረው ነው። ምክንያቱ ዝቅ ብሎ መታጠፍ ነው፤ ክንፉ ገና ቁልቁል ሳለ መሬት ይቀድመዋል። መጠባበቂያውም ፓራሹት ለመከፈት ከፍታ ስለሚፈልግ በዚያ ሰዓት አያድንም።

ለምን ዝቅ ብሎ ይታጠፋል ቢባል፣ ብዙ ጊዜ የጀመረውን ለመጨረስ ስለሚፈልግ ነው። ተመልካች ቆሟል፤ በሩ ከፊቱ ነው፤ እንደ ዘገየም ልቡ እየነገረው ይታጠፋል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን ያፈሰሰ ሰው ለመልቀም ጊዜ አያገኝም።

ሠ. ጀማሪው ከየት ይነሣ?

በዩናይትድ ስቴትስ የፓራሹት ማኅበር ደንብ የመጀመሪያው ፈቃድ 25 ዝላይ፣ ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው 200፣ አራተኛውም 500 ዝላይ ይጠይቃል። ለሁለተኛው ፈቃድ የፓራሹት አነዳድ ትምህርት መጨረስ ግዴታ ነው። እንግዲህ ጓደኛችን ይህን ትምህርት አሁን ሊወስደው ይችላል፤ ለስዉፕ ግን ብዙ አሠልጣኞች በመቶ የሚቈጠር ዝላይ ይጠይቃሉ። ከመረመርነው ውስጥ የሚከተሉት አምስት ነገሮች ዋና ሆነው አግኝተናቸዋል።

1ኛ፤ በያዘው ሰፊ ክንፍ በመረጠው ቦታ፣ በነፋስም በጸጥታም፣ ቀጥ ብሎ በእግሩ ማረፍን ልማድ ያድርግ።

2ኛ፤ መታጠፍን ከመሬት ርቆ ይለማመድ። በ1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ታጥፎ ክንፉ እስኪቃና ስንት ሜትር እንደ ጠፋበት ይመዝግብ፤ ይህንም ደጋግሞ ካደረገ በኋላ ከሁሉ የበለጠውን ወስዶ መጠባበቂያ ከፍታ ይጨምርበት። የሌላ ሰው ቊጥር ለእርሱ አይሆነውም፤ ክብደቱም ክንፉም ሌላ ነውና።

3ኛ፤ ሳይታጠፉ የፊት ማንጠልጠያዎችን በመሳብ ብቻ መፍጠንን አስቀድሞ፣ ከዚያ ወደ 90 ዲግሪ መታጠፍ፣ ብዙ ቈይቶም ወደ 180 እና ወደ 270 ይለፍ። ክንፉን መቀነስና መታጠፉን መጨመር በአንድ ጊዜ አይሁኑ።

4ኛ፤ በተጨናነቀ ሰማይ አይሞክር። በፍጥነት የሚያርፉትና በዝግታ የሚያርፉት በቦታ ወይም በጊዜ መለየት አለባቸው፤ የሌላው ሰው ሕይወት ለእኛ ልምምድ መያዣ አይደለምና።

5ኛ፤ ከሁሉ በፊት መተውን ይማር። የወሰነው ከፍታ ካለፈ አይታጠፍ፤ ታጥፎም ከሆነና ዝቅ ማለቱን ካየ አቋርጦ ክንፉን ያቅና። አሠልጣኙም ስንት ጊዜ እንደ ገባ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደ ተወ ይጠይቀው።

ለጓደኛችን የጻፍንለት መልስም ይኸው ነው። ትንሹን ፓራሹት አትግዛ፤ ርካሽነቱ ያታልላል እንጂ የዋጋው ቀሪ በአጥንት ይከፈላል። ገንዘቡን ለአነዳድ ትምህርት አውለው፤ የሚቀጥለውን መቶ ዝላይ በሰፊው ክንፍ ዝለል፤ የምትመዘግበውንም ቊጥር ላክልን፤ ስሌቱን አብረን እንሠራለን አልነው። ትናንት መልሱ ደረሰን፤ ቅር ቢለውም የስድስት ዝላይ መዝገብ በውስጡ ነበረ። ሌሎቹንም እንጠብቃለን።