ሥራ ሲቆም ውሻና ድመት ማኖር፦ የትኛው ወጪ ይቀነሳል? የትኛውስ አይነካም?

ባለፈው ዓመት በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ አንድ ሰው በከባድ ራስ ምታት ወደ እኛ መጣ። ደም ግፊቱ 190/120 ነበር። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ፎርክሊፍት ያሽከረክር የነበረ ሰው ነው፤ ኮንትራቱ አልቆ ሳይታደስለት ቀርቶ አምስት ወር ሆኖታል። የግፊት መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጠ ስጠይቀው ዝም አለ። የመለሰችልኝ አብራው የመጣችው ባለቤቱ ናት፦ «ዶክተር፣ ለሁለቱ ውሾች አጥንት ይገዛል እንጂ ለራሱ ኪኒን አይገዛም።» እሱ አንገቱን ደፍቶ «እነሱ ምን አጠፉ? ሥራ ያጣሁት እኔ» አለ።

በደረቅ ወደቡ ዙሪያ ኑሯቸውን የመሠረቱ ብዙ ቤተሰቦች ይህን ዓይነት ጊዜ ያውቁታል። ከጅቡቲ የሚገባው ኮንቴይነር ሲቀንስ ጫኝና አውራጁ፣ ረዳቱ፣ የትራንዚተር ቢሮ ጸሐፊው ሁሉ ሥራው ይቀዘቅዝበታል። ግቢ ውስጥ ያለው ውሻና አይጥ የምትይዘው ድመት ግን መብላታቸውን አያቆሙም። በሥራዬ እንዳየሁት ሰው በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዳንዱ እንደዚያ ታካሚ ከራሱ ቆርጦ ለእንስሳቱ ይሰጣል። ሌላው ደግሞ በመጀመሪያ ክትባቱን፣ ቀጥሎ ምግቡን ያቋርጥና በመጨረሻ ውሻውን በር ከፍቶ ይለቀዋል። ሁለቱም መጨረሻቸው ጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ የትኛው ወጪ መቀነስ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ መነካት እንደሌለበት ቢያውቁ ለቤተሰብዎ ይጠቅማል።

የእርስዎ መድኃኒት ይቀድማል

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የአስም ወይም ሌላ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ካለዎት በምንም ምክንያት አያቋርጡ። ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው «ደህና ነኝ» ያሰኛል፤ ሳይታሰብ ግን ግማሽ አካልን የሚያሽመደምድ ስትሮክ ያስከትላል። ያን ጊዜ ውሻውን የሚመግብ ሰውም አይኖርም።

ሥራ ማጣትዎን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ካወቅን ዋጋው ቀለል ያለ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ መድኃኒት ልናዝልዎ እንችላለን። ካላወቅን ግን ያዘዝነውን የሚወስዱ ይመስለንና ግፊቱ አልወርድ ሲል መጠኑን እንጨምራለን። መደበኛ ቅጥር ላይ ያልሆኑ ቤተሰቦች የሚታቀፉበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ስላለ፣ የምዝገባው ጊዜ መቼ እንደሆነም ቀበሌዎን ይጠይቁ።

የማይቆረጠው ወጪ፦ የውሻው ክትባት

ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚረሳው ክትባት ነው፤ ውሻው ጤነኛ መስሎ ይታያላ! እኔ ግን ለእንስሳው ከሚወጣው ወጪ ሁሉ መጨረሻ ላይ መቆረጥ ያለበት ይህ ነው እላለሁ። ምክንያቱን ላስረዳ።

የእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) በቫይረስ የሚመጣ የአንጎል በሽታ ነው። በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና እስካሁን የለም፤ ታማሚው ይሞታል ማለት ይቻላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት መካከል 40 በመቶ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ፊቱንና አንገቱን ይነከሳል፤ እዚያ የገባ ቫይረስ ደግሞ ወደ አንጎል የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው። ከዚህም በላይ ልጆች ቁጣ ፈርተው መነከሳቸውን ይደብቃሉ። «ውሻ ከነከሰህ አልቆጣህም፣ ንገረኝ» ብሎ አስቀድሞ መንገር ሳንቲም አያስወጣም።

ውሻ የመጀመሪያውን ክትባት 3 ወር ሲሆነው ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ በሚነግርዎ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ይደገማል። ይህን ወጪ ሰው ከተነከሰ በኋላ ከሚመጣው ጋር ያወዳድሩት። የተነከሰ ሰው በአንድ ወር ውስጥ በተለያዩ ቀናት 4 ወይም 5 ጊዜ ይከተባል፤ ቁስሉ ከባድ ከሆነ ተጨማሪ ኢሚዩኖግሎቡሊን ያስፈልገዋል፤ ክትባቱ ባቅራቢያው ከሌለ አዳማ ወይም አዲስ አበባ መመላለስ አለ። የተነከሰው የጎረቤት ልጅ ከሆነ ደግሞ ወጪው ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው፤ ጉርብትናውም ይቀዘቅዛል።

ወጪውን የሚያቀልል መንገድ አለ። በከተማው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ የዘመቻ ክትባት መቼ እንዳለ ይጠይቁ፤ መስከረም ውስጥ የሚውለው የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን (በፈረንጆች ሴፕቴምበር 28) ለመጠየቅ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ዘመቻ ከሌለ ጎረቤት ይሰብስቡ። አንዱ የክትባት ብልቃጥ ለብዙ ውሾች የሚበቃ ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ባለሙያ ሰፈር ድረስ ጠርቶ ወጪውን መካፈል ለእያንዳንዱ ቤት ይቀላል። በእድር ስብሰባ ላይ ቢነሳ ደግሞ የበለጠ፤ ድንኳንና ወንበር በጋራ የገዛ እድር ለዚህ አያንስም። ከሞጆ ብዙ በማትርቀው ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ስለሚገኝ፣ ከአቅም በላይ የሆነ የእንስሳት ሕመም ሲያጋጥም ወደዚያ መውሰድ ይቻላል።

ንክሻ ካጋጠመ

ውሻው የራስዎ ቢሆንም፣ ቁስሉ ጭረት ብቻ ቢሆንም እንዲህ ያድርጉ። ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡ። ቧንቧ ከሌለ ሌላ ሰው ከጀሪካን እያፈሰሰ ይታጠባል። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ይዩ። በርበሬ፣ ቡና፣ ቅጠል ወይም ቅቤ ቁስሉ ላይ አያድርጉ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ሊያስፈልግ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ድሮ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን፣ ለቀናት የሚቆየውን መርፌ አስቦ ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ክትባት ግን ክንድ ላይ ነው የሚሰጠው። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን አስቀድሞ ይጀምር፣ ቀጠሮውንም አያሳልፍ። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከንክሻው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ስለሆነ «ሳምንት አለፈኝ፣ ተርፌያለሁ» ማለት አይቻልም። ዘግይተው ቢያስታውሱም ይምጡ።

የነከሰውን ውሻ ቸኩለው አይግደሉት። አስተማማኝ ቦታ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ቀሪውን ክትባት ሊያቆም ይችላል። ጠባዩ ከተቀየረ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ ወይም የኋላ እግሩ ከሰነፈ ግን ሳይነኩት ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ። ሁሉም ያበደ ውሻ አይናከስም፤ ጥግ ይዞ ዝም የሚልም አለ።

ምግቡን መቀነስ ይቻላል፤ ጥሬ ሆድ ዕቃ ግን አይስጡ

ውሻ የግድ ሥጋ እየተገዛለት አይኖርም። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የበቆሎ ገንፎ ወይም ሩዝ ከትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ጋር ያኖረዋል። በሞጆ ሙቀት ከምግቡ እኩል የሚያስፈልገው ንጹሕ ውሃ ነው፤ እሱ ደግሞ አይወደድም።

አደጋው ያለው ርካሹን ፍለጋ ወደ ሳንባና ጉበት ስንሄድ ነው። ሞጆ የኤክስፖርት ቄራዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ በዓል ሲመጣ ደግሞ በየግቢው ይታረዳል። በጉ ሲበለት ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይተው ያውቃሉ? ብዙ ቤት ያንን ቆርጦ ለውሻው ይወረውራል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የትንሽ ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ጸጉሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ጎመኑ ላይ ይቀራል። ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ እንቁላሉን ይውጣል። ያው ከረጢት አሁን በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ያድግና አንድ ቀን ሆድ አብጦ ወይም ሳል አልለቅ ብሎ በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ ይገኛል። ሕክምናው ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ። ሌላውንም ቢሆን ቆራርጠው ቢያንስ ለ40 ደቂቃ ያህል ሳይቀቅሉ አይስጡ። ከእንስሳት ሐኪም የኮሶ መድኃኒት በየሦስት ወሩ ማግኘት ከቻሉ ጥሩ ነው።

ስለ ወጥ ትርፍራፊም አንድ ነገር ልበል። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። አንድ ቀን ስለላሰ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም (እኔም ያደግሁት የወጥ ትርፍራፊ የሚበላ ውሻ ባለበት ግቢ ነው)፤ በየቀኑና በብዛት መስጠት ግን አይገባም።

የሰው ኪኒን አይስጡ

እንስሳው ሲታመም፣ ለሐኪም የሚከፈል ሲጠፋ፣ ቤት የተረፈውን ኪኒን መስጠት ያጓጓል። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ግማሽ ኪኒን እንኳ ሊበቃት ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። የተረፈ አንቲባዮቲክ መስጠትም ለእንስሳውም ለቤተሰቡም አይበጅም።

ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት ድመት

«ዶክተር ድመቷን አስወጡ አለ» የሚባለውን ብዙ ሰምቻለሁ። ማስወጣት አያስፈልግም። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ ሰውን ለመያዝ ግን ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ዓይነ ምድሩን በየቀኑ ሌላ ሰው ይጥረገው፤ ነፍሰ ጡሯ ከነካች እጇን በሳሙና ትታጠብ። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ለብ ለብ ብሎ መብላትም ያንኑ ተውሳክ ያስይዛል፤ ድመቷ ተባርራ ክትፎው ከቀጠለ ምንም አልተሠራም።

ስለ ልብዎ

ሥራ ያጣ ሰው ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት ሲጠፋው ውሻው ምክንያት ይሆነዋል። ያ ታካሚዬ በኋላ እንደነገረኝ ጎህ ሲቀድ ከቤት የሚወጣው ውሾቹን ይዞ ለመሄድ ብቻ ነበር። ይህን ጥቅም አልንቀውም። ነገር ግን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለዎት፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ትርጉም ካጣብዎት፣ መጠጥ ወይም ጫት ካበዙ ይህ ሕክምና ያለው የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላል። መኖር ካስጠላዎት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለሚያምኑት ሰው ነግረው በዚያው ቀን አብረው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከአቅም በላይ ከሆነ

አንዳንዴ ማኖር አይቻልም። ልጆች እየተራቡ ሁለት ውሻ መቀለብ ፍቅር ነው ብዬ አልመክርዎትም። ነገር ግን በጆንያ ቋጥሮ ሌላ ከተማ መጣል፣ ወይም ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር ለቆ መሄድ መፍትሔ አይደለም። የተለቀቀ ውሻ ከሌሎች ጋር ይናከሳል፣ ክትባቱ ጊዜው ያልፍበታል፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅም ያገኘዋል። ሴት ከሆነች ደግሞ ቡችሎቿ ይጨመራሉ፤ ስለዚህ በእጅዎ እያለች ስለ ማምከን የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ።

ጥበቃ የሚፈልግ መጋዘን፣ ከብት ያለው ዘመድ፣ ወይም ሥራ እስኪገኝ ድረስ ብቻ የሚይዝልዎ ጎረቤት ይፈልጉ። የፎርክሊፍቱ ባለሙያ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አንዱን ውሻ ገጠር ላለ ወንድሙ ሰጠ፣ አንዱን አስቀረ፣ ኪኒኑንም መልሶ ጀመረ። ሲሰጡ የክትባት ካርዱን አብረው ይስጡ፤ ቀጣዩ ክትባት መቼ እንደሆነም ለሚረከበው ሰው ካርዱ ላይ ያሳዩት።