የኬልቲክ ፓንክ ዘፈንና የዘፈን ትርጉም መለዋወጥ

ኬልቲክ ፓንክ የአየርላንድንና የስኮትላንድን የሕዝብ ዜማ ከፓንክ ሮክ ፍጥነትና ጩኸት ጋር ያዋሐደ የሙዚቃ ስልት ነው፤ ቀዳሚው ቡድን ዘ ፖግስ በ1982 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በለንደን ከተማ ተቋቋመ።

በዚህ ስልት ከሚሰሙት የፀረ ጦርነት ዘፈኖች አንዳንዶቹ ከጥንት የወረዱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ምርመራ ሌላ ያሳያል። ፖግስ በ1985 ያሳተመው፥ በ1915 በጋሊፖሊ ዘመቻ እግሮቹን ያጣውን ወታደር የሚያስታውሰው ዘፈን፥ በትውልዱ ስኮትላንዳዊ የሆነው ኤሪክ ቦግል በአውስትራሊያ በ1971 የደረሰው ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የማሳቹሴትሱ ድሮፕኪክ መርፊስ በ2007 ያሳተመው «ጆኒ፥ በጭንቅ ለየሁህ» የሚል ትርጉም ያለው ዘፈን ነው። ይህ የአየርላንድ ልቅሶ፥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በ1863 ለታተመው የወታደር መቀበያ ዘፈን ምንጭ ነው ሲባል ቆይቷል። ሆኖም ግጥሙ የታተመው ከአራት ዓመት በኋላ በ1867 በለንደን ሲሆን፥ በመድረክ ይዘፈን የነበረውም አካሉ ጎድሎ በተመለሰ ወታደር ተመልካችን ለማሣቅ ነበር። የተቃውሞ ትርጉም የሰጡት የሃያኛው መቶ ዓመት ዘፋኞች ናቸው።

እንግዲህ የዘፈን ዕድሜ ለትርጉሙ ምስክር አይሆንም፤ የባህል መርማሪም ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ማን፥ መቼና በማን ፊት እንደ ዘፈነው አብሮ ሊመዘግብ ይገባዋል።