የበዓል ልማድ በቤተሰብ ውስጥ ያለው ትርጉም



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ሁላችንም የምናውቀው በሚመስለን፣ ነገር ግን ልጆቻችን ሲጠይቁን መልሱ በቶሎ በማይገኝልን ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም በየቤታችን የምንፈጽማቸው የበዓል ልማዶች ምን ትርጉም አላቸው? ሃይማኖትስ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ብቻ ነው ወይስ በምድጃው ዳርና በገበታው ዙሪያም ይገኛል? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያነሣችብኝ የሰባት ዓመት ልጄ ናት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የቀዳም ስዑር ዕለት ጧት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ካህናቱ የሰጡኝን ቀጤማ በራሴ ላይ አስሬ ነበር። ልጄ አየችኝና «አባባ፣ ሣሩን ለምን አሰርኸው?» አለችኝ። እኔም «ልማዳችን ነው» ብዬ ላልፍ ፈለግሁ። እርሷ ግን «ልማድ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ደገመችብኝ። በዚህ ጊዜ መልስ አጣሁ። በመሥሪያ ቤት ለማናቸውም ደብዳቤ መልስ መጻፍ የለመድሁ ሰው ለገዛ ልጄ አንድ ቃል መመለስ ስላቃተኝ እጅግ አፈርሁ።

ስለዚህ በገጠር ለምትኖረው እናቴ ስልክ ደወልሁ። እርሷም ፊደል ያልቆጠረች ስትሆን ነገሩን እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። «ልጄ፣ በኖኅ ዘመን ውኃ ምድርን ሸፍኖ ሳለ ርግብ ለምለም ቅጠል በአፏ ይዛ ተመለሰች። ጥፋቱ አበቃ፣ ምሕረት ሆነ ስትል ነው። ቀጤማው የዚያ ምሳሌ ነው። የታረቀ ሰው ምልክት ነው።» ይህን ብላ ጥቂት ዝም አለችና «አንተስ ከወንድምህ ጋር ታርቀህ ነው ያሰርኸው?» ስትል ጠየቀችኝ። ወደዚህ ጥያቄ በመጨረሻ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን እናቴ የከፈተችልኝን በር ተከትዬ ስለ ልማዶቻችን ጥቂት ልናገር።

በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 8 እንደተጻፈው ርግቢቱ ያመጣችው የወይራ ቅጠል ነው። በእኛ አገር ደግሞ ለምለሙ ቀጤማ የዚያን ቦታ ይዞ ክርስቶስ በመስቀሉ ሰላምን እንዳደረገ ያበሥራል። ቀዳም ስዑር ማለትም «የተሻረች ቅዳሜ» ማለት ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ካሉት ቅዳሜዎች ሁሉ ከእህልና ከውኃ ተከልክሎ የሚጾምባት እርሷ ብቻ ስለሆነች ይህን ስም አግኝታለች።

ሰሙነ ሕማማትንም በሙሉ ብንመለከት እንዲሁ ነው። በዚያ ሳምንት አማኞች ተሳስመው ሰላምታ አይለዋወጡም፤ ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ መስጠቱ ይታሰባልና። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ ይህም ታላቁ ለታናሹ ዝቅ እንዲል የተሰጠውን ትምህርት ያሳያል። እናቶች ደግሞ ስንዴና የተከካ ባቄላ ቀቅለው ጉልባን ያዘጋጃሉ። አባቶች እንደሚያስረዱት እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ ለመጠበቅ ጊዜ ስላልነበራቸው ያልቦካ ቂጣ በችኮላ በልተዋል፤ ጉልባኑም የዚያ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ እናታችን ጉልባን ስትቀቅል ሳታነብ መጽሐፍ ታስተምራለች ማለት ነው። ሰሌዳዋ ምድጃው፣ ተማሪዎቿም በዙሪያዋ የተቀመጡት ልጆች ናቸው።

የልማድ የመጀመሪያ ጥቅሙ እንግዲህ ትምህርት መሆኑ ነው። ሕፃን በጆሮው የሰማውን ሊረሳ ይችላል፤ በእጁ የያዘውን፣ በአፍንጫው ያሸተተውንና በአፉ የቀመሰውን ግን አይረሳም። ለምሳሌ የቡሄን በዓል እናስብ። ነሐሴ 13 ቀን ልጆች በየደጃፉ እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ እናቶችም ሙልሙል ዳቦ ያድሏቸዋል። አባቶች እንደሚሉት ጅራፉ ሲጮኽ በደብረ ታቦር የተሰማውን ድምፅ፣ ችቦው ሲበራም በዚያ የታየውን ብርሃን ያስታውሳል፤ ሙልሙሉም በዚያ ምሽት ከብት ሲጠብቁ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘውላቸው የሄዱት ስንቅ ምሳሌ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ካወቀ ጅራፉን ሲያጮኽ ይጫወታል፤ ደግሞም ይማራል። ካላወቀ ግን የሚቀርለት ጫጫታው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ማካፈል ነው። ከልማዶቻችን ሁሉ ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች እጅግ ቅርብ የሆነው ቅርጫ ይመስለኛል። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ። ከታረደም በኋላ ሥጋው ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም ለእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እንዲደርስ ሆኖ በመደብ በመደብ ይከፈላል። በመጨረሻም ዕጣ ይጣላል። ዳይሬክተሩና ተላላኪው እኩል ካዋጡ እኩል መደብ ያነሣሉ፤ የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስም ዕጣው እንጂ ማዕረጉ አይወስንም። በዓመቱ ውስጥ በወንበርና በፊርማ የምንለያይ ሰዎች በዚያች ሰዓት በአንድ ቅጠል ላይ እኩል ሆነን እንታያለን። ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

በሙስሊም ወገኖቻችንም ቤት ያለው ሥርዓት ይህንኑ ያስተምራል። በኢድ አል አድሐ፣ በተለምዶ ዐረፋ በምንለው በዓል፣ የነቢዩ ኢብራሂም መታዘዝ እየታሰበ የሚታረደው ሥጋ አንዱ እጅ ለቤተሰብ፣ አንዱ እጅ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ እጅ ለድኆች እንዲሆን የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። የረመዳን ጾም ሲፈታም ከኢድ ሶላት በፊት ለችግረኛ የሚሰጥ ዘካ አለ። ምክንያቱም በበዓል ቀን ማንም ተርቦ እንዳይውል ነው። ልብ በሉ፤ ድኃው የሚታሰበው ባለቤቱ በልቶ ከጠገበ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

ሦስተኛው ጥቅም መጠበቅን መልመድ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሁሉን ነገር ዛሬውኑ ማግኘት በምንፈልግበት በዚህ ዘመን፣ አንድ ቤተሰብ በአንድነት ለ55 ቀን «ገና ነው» እያለ መቆየቱ ራሱ ትልቅ ጥበብ ነው። በትንሣኤ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ የሚቀርበው ወጥ የሚጣፍጠው በቅቤውና በቅመሙ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም አብረው ስለጠበቁት ነው። ዶሮይቱም በ12 ብልት ተለይታ ስትቀርብ ለአባወራው፣ ለእመቤቲቱ፣ ለልጁና ለእንግዳው ድርሻ ድርሻው ይታወቃል። በዚያ ገበታ ላይ ማንም አይዘነጋም።

ነገር ግን ክቡራን አድማጮች፣ መልካሙን ብቻ ተናግሬ ብተው እውነቱን መደበቅ ይሆንብኛል። ዛሬ በብዙ ቤት በዓል ሲመጣ ከደስታ ይልቅ ጭንቀት ይቀድማል። በ2013 ዓ.ም. ለትንሣኤ በግ መግዣ ሲያጥረኝ ከሰው ፊት ላለማነስ ብዬ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ተበደርሁ። በጉ ታረደ፣ ገበታው ሞላ። እኔ ግን ጉርሻው በአፌ ሳለ ዕዳውን እቆጥር ነበር። ባለቤቴም ፊቴን አይታ ዝም አለች፤ ልጄም የእናቷን ዝምታ አይታ ዝም አለች። የሞላ ገበታና ዝም ያለ ቤት! በሚቀጥለው ዓመት ግን ተመካክረን በጉን ተውነው። አንዲት ዶሮና አንድ ድፎ ዳቦ ብቻ አዘጋጅተን፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን ጎረቤታችንን እማማን ጠራን። ዳቦውን እርሳቸው ባርከው ቆረሱልን፤ የልጅነታቸውንም የገና ጨዋታ እያጫወቱን እስከ ማታ ሳቅን። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። እውነት ነው፤ ያለንን መልካም ነገር ለታላቅ ቀን ማውጣት ይገባል። ይሁን እንጂ ተረቱ ስላለ ቀሚስ ይናገራል እንጂ ቀሚስ ተበደሩ አይልም።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓልም በ2012 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆነው በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በአደባባይ የሚታየው ሲመዘገብ፣ በጓዳ ያለው ግን የእናቶች የጉልባን አቀቃቀል፣ የአባቶች የዳቦ አቆራረስና ምርቃት፣ መዝገቡ የቤተሰብ ትዝታ ብቻ ነው። ሽማግሌው ሳይጠየቁ ካለፉ ያ መዝገብ አብሮ ይዘጋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከአቅማችን በላይ ያልሆኑ አራት ነገሮችን ላሳስብ። አንደኛ፣ በየበዓሉ ዋዜማ ሥራችንን አቁመን ለልጆቻችን የበዓሉን ታሪክ ለዐሥር ደቂቃ ያህል እንንገራቸው፤ የማናውቀውንም ለታላላቆቻችን ደውለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ለልጆች ሥራ እንስጣቸው። ቀጤማውን የጎዘጎዘና ለጎረቤት ዳቦ ያደረሰ ልጅ በዓሉን የእኔ ነው ይላል። ሦስተኛ፣ የበዓል ወጪያችንን ስናሰላ የጎረቤትን ድርሻ አስቀድመን፣ የራሳችንን አስከትለን፣ ዕዳን ደግሞ ከሒሳቡ አውጥተን እናሰላ። አራተኛ፣ ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ባልደረባ በየመሥሪያ ቤታችን አይጠፋም። በበዓል ቀን በኪራይ ቤቱ ብቻውን እንዳይውል «ከእኛ ጋር ዋል» እንበለው።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ እመለሳለሁ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ከአባታችን በወረስነው ቤት ምክንያት ተቀያይመን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንነጋገር ቆይተን ነበር። እናቴ ያን ስትጠይቀኝ ቀጤማው በራሴ ላይ ከበደኝ። የሰላም ምልክት አስሬ፣ በልቤ ቂም ቋጥሬ መቆሜ ታወቀኝ። ስልኩን ዘግቼ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ ወደ ወንድሜ ደወልሁና «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ» አልሁ። እርሳቸውም ለጊዜው ዝም አሉ፤ ቀጥሎም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ሲሉ መለሱልኝ። በሳምንቱ በዳግማይ ትንሣኤ ቤታችን መጥተው ዳቦ ቆረሱልን። የቤቱ ጉዳይ በዚያ ቀን አላለቀም፤ ክርክሩም በአንድ ገበታ አልተቆረጠም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው በጠበቃ በኩል ሳይሆን ቡና እየጠጣን ነው።

ለልጄም በዚያው ዕለት መልሱን ነገርኋት። «ልማድ ማለት አያቶችሽ ሊነግሩሽ የፈለጉትን ነገር እንዳይጠፋባቸው በሣርና በዳቦ ላይ የጻፉት ነው» አልኋት። እርሷም ቀጤማውን ከራሴ ፈትታ በራሷ ላይ አሰረችው።

ክቡራን አድማጮች፣ ሃይማኖት በታላቁ ደጀ ሰላም ይሰበካል፤ የሚፈተነው ግን በቤታችን ነው። የተራበውን ካላሰብን፣ የተቀየምነውን ካልታረቅን፣ ለልጆቻችንም ካላስተማርን በዓሉ የዕረፍት ቀን ብቻ ሆኖ ያልፋል። ካደረግነው ግን ጉልባኑም፣ ሙልሙሉም፣ ቀጤማውም ይናገሩልናል።