የትንሹ ሞተር ልጓም

ሚኒባይክ ውስብስብ ነገር አይደለም። የተበየደ የብረት ቱቦ፣ ሁለት ትንንሽ ጎማ፣ መቀመጫና መሪ አለው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ለእርሻና ለጓሮ ሥራ የተሠራ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ይታሰራል። አሜሪካ ውስጥ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በብዛት ተሠርቷል። ዛሬ ከየጋራዡ ጥግ እየወጡ ከሚታደሱት ብዙዎቹ የተሸከሙት የብሪግስ ኤንድ ስትራተንን ሞተር ነው። ስቲቨን ብሪግስና ሃሮልድ ስትራተን በ1908 ሚልዋኪ ላይ የመሠረቱት ይህ ኩባንያ፣ በ1953 አካሉ ከአሉሚኒየም የተቀረጸ ቀላል ሞተር አወጣ። ከዚያ ወገን ለሚኒባይክ ሰዎች በጣም የቀረበው 5 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ 206 ሲሲ ገደማ የሆነው ነው። ይህን ሞተር አድሰው ሊያፈጥኑት የሚነሡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚነቅሉት ጎቨርነሩን፣ ማለትም የፍጥነት ልጓሙን ነው። እኔ ግን ልጓሙ የሚነካው በመጨረሻ መሆን አለበት እላለሁ፤ ለአብዛኛው ሚኒባይክ ደግሞ ጨርሶ ባይነካ ይሻላል።

ልጓሙ በአንዳንዱ ሞዴል ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ) ክንፎች የሚነሣው ነፋስ የሚገፋው ስስ ሳህን ነው፤ በሌላው በሞተሩ ሆድ ውስጥ ከጥርስ ጋር የሚዞሩ ትንንሽ ክብደቶች ናቸው። ስፕሪንግ የካርቡራተሩን በር ወደ መክፈት ይስባል፤ ዙር ሲበዛ ነፋሱ ወይም ክብደቱ ወደ መዝጋት ይመልሰዋል። ዳገት ላይ ዙሩ ሲወርድ ስፕሪንጉ ያይልና ቤንዚን ይጨመራል። ስለዚህ ልጓሙ የሚይዝ ብቻ ሳይሆን የሚለቅም ነው። ጣሪያው እንደ ደንቡ በደቂቃ 3600 ዙር ነው፤ የቀረው አካል ሁሉ የተሠራውም ይህን ቁጥር ታስቦ ነው። ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ አሉሚኒየም ነው። የዘይት ፓምፕ የለም፤ ቢዬላው ሥር ያለች ማንኪያ መሰል ምላስ ዘይቱን እየመታች ትረጨዋለች። በ3600 ዙር ፒስተኑ በሴኮንድ 120 ጊዜ ቆሞ አቅጣጫ ይቀይራል፤ እሱን ለማቆምና ለመመለስ ቢዬላው የሚሸከመው ኃይል ደግሞ የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነው። ዙሩን ወደ 5400 ብናሳድገው ጭማሪው አንድ ተኩል እጥፍ ይመስላል፤ ቢዬላው ላይ የሚያርፈው ግን ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው። ቮላኖውን ወደ ውጭ ሊበትነው የሚጥረውም ኃይል በዚያው ልክ ያድጋል። የተሰበረ ቢዬላ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል፤ የፈነዳ ቮላኖ ደግሞ ከነጂው እግር የሚርቀው በስንዝር ነው።

«ታዲያ ይኸው ሞተር በውድድር ላይ ከዚያ በላይ ሲሽከረከር አይተናል» የሚል መልስ ይመጣል፤ እውነትም ነው። ይህ ባለ 5 ጉልበት ሞተር በካርት ውድድር ለዓመታት አገልግሏል፤ በ1992 በተጀመረው የልጆች ድራግ ውድድርም መነሻ ሆኗል። ነገር ግን ለከፍተኛ ዙር የተዘጋጁት ሞተሮች ልጓሙ ብቻ የተነቀለላቸው አይደሉም። ቢዬላውና ቮላኖው ከድፍን አሉሚኒየም ተፈልፍለው በተሠሩ ተተክተዋል፣ የቫልቮላ ስፕሪንጎቹም ጠንክረዋል። ያንን ምሳሌ የሚጠቅስ ሰው ሙሉውን ይጥቀስ። ሌላም ነገር አለ። የዚህ ሞተር ቫልቮላዎች የቆሙት ከፒስተኑ በላይ ሳይሆን ከጎኑ ነው። አየሩ ገብቶ፣ በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) ሥር ዞሮ፣ ታጥፎ ነው ሲሊንደሩ ጋ የሚደርሰው። ዙር ሲበዛ ሲሊንደሩን ለመሙላት ጊዜ ስለሚያጥረው የማዞር ጉልበቱ ይወርዳል፤ መተንፈሻው ሳይሰፋ የተጨመረ ዙር ከጉልበት ይልቅ ጩኸት ያበዛል።

ያረጀ ሞተር ያጣው ጉልበት በአብዛኛው የሚገኘው እድሳቱ ውስጥ ነው። ሞተሩን ከማፍረስ በፊት ቮላኖውን ከተለመደው አዟዟር ወደ ኋላ በእጅ መወርወር ጥሩ ፍተሻ ነው፤ በኃይል ነጥሮ ከተመለሰ እምቅታው ደህና ነው፤ ዝም ብሎ ካለፈ ግን ፋሻው፣ ቫልቮላው ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን አየር ያሳልፋል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጥቀርሻ የያዘው የቫልቮላ መቀመጫ ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት የግድ ነው፤ ይህ ሞተር የቫልቮላ ክፍተት ማስተካከያ ብሎን የለውም። መቀመጫው ሲሞረድ ቫልቮላው ወደ ታች ስለሚጠልቅ ክፍተቱ ይጠባል፤ ስለዚህ የቫልቮላው እግር ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ እየተፋቀ፣ ለማስገቢያው ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር፣ ለማስወጫው ከ0.23 እስከ 0.28 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ይለካል። አብዝቶ የተፋቀ ብረት አይመለስም። በአሮጌው ዓይነት ከቮላኖው ሥር የተደበቀችው ፑንቲና (የእሳት ብልጭታውን ጊዜ የምትወስነው መገናኛ) ጸድታ 0.5 ሚሊ ሜትር ላይ ትስተካከላለች። ቮላኖውን በቦታው የምታስቀምጠው ትንሽ ቁልፍ ከለስላሳ ብረት የተሠራችው ሆን ተብሎ ነው፤ ሞተሩ ድንገት ሲቆም እሷ ተቆርጣ ክራንክሻፍቱን ታድናለች። በጠንካራ ብረት መቀየሯ ማሻሻል ይመስላል፣ ግን ጉዳቱን ወደ ውድ ዕቃ ማሻገር ነው። ካርቡራተሩ ከታንኩ ላይ የተቀመጠበት ዓይነት ደግሞ ስስ ዲያፍራም አለው፤ ሲደርቅ ቤንዚን መሳብ ያቆማል፤ የሚድነውም በመቀየር ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ የሚነሣው ተቃውሞ «በ3600 ዙር የሚሄድ ሚኒባይክ ቀርፋፋ ነው» የሚለው ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። የሰንሰለቱ የኋላና የፊት ጥርስ 6 ለ 1 ቢሆን፣ ጎማው 35 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ቢኖረው፣ ጎማው በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 5 ለ 1 ቢሆን ወደ 48 ይጠጋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ከሁለቱ አንዱን ጥርስ መቀየርና የሰንሰለቱን ርዝመት ማስተካከል ብቻ ነው። ዋጋው በሴንትሪፉጋል ፍሪሲዮኑ ላይ ያርፋል፤ መነሻው ሲከብድ ቶሎ ይግላልና። ብዙዎቹ አሮጌ ሚኒባይኮች ከኋላ አንድ ፍሬን ብቻ እንዳላቸው፣ ጭራሽ የንዝረት መምጠጫ የሌላቸውም እንዳሉ ለሚያውቅ ሰው፣ 48 ኪሎ ሜትር ብዙ ነው።