ርስት የሟች ንብረት ነውን? ተረትና እውነታ

በጎንደር «ርስት» ሲባል ገበሬው መሬቱን፣ ሰባኪው መንግሥተ ሰማያትን ያስባል። ሁለቱን ያገናኘው የግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ከግሪክ ሲተረጐም «ክሌሮኖሚያ» የሚለው ቃል ርስት ተባለ። በምድሩም በሰማዩም ርስት ላይ ግን ሰው በልማድ የሚደጋግማቸው ስሕተቶች አሉ።

ተረት 1፦ ርስት የሚገኘው አባት ሲሞት ነው።

እውነታ፦ ክሌሮኖሚያ የተሠራው ዕጣ ከሚለው ቃልና ማከፋፈልን ከሚያመለክት ግስ ነው። በዘኍልቍ 26 ምድሪቱ ለነገዶች በዕጣ ትከፈል ሲባል፣ የሚደርሳቸው ድርሻ በግሪኩ በዚህ ቃል ተጠርቷል። ሟችም ኑዛዜም በቦታው የለም፤ ድርሻው የሚደርሰው ከነገዱ በመወለድ ነው። የወገራና የዳባት ደገኛም መብቱን የሚቆጥረው ከአቅኚው አባት በመወለዱ ነበር። አባት በሕይወት ሳለ ለሚዳር ልጁ ማሳ ይቆርስለት ነበር።

ይህ ማለት ግን ቃሉ ባለበት ሁሉ ዕጣ አለ ማለት አይደለም። በሉቃስ 12 ወንድሙ እንዲያካፍለው ኢየሱስን የለመነው ሰው የሚሟገተው ስለ ተራ ውርስ ነው።

ተረት 2፦ ባለርስት ማለት ግብር የሚበላ ጌታ ነው።

እውነታ፦ ይህ ርስትን ከጉልት ማምታታት ነው። ጉልት ንጉሡ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጠው የነበረ ግብር የመብላት መብት ነው። ርስት ደግሞ የገበሬው የዘር መብት ነበር። ስለዚህ በአንድ ማሳ ላይ ባለርስቱ ሲያርስ ባለጉልቱ ግብር ይቀበል ነበር። ጉልተኛው ቢሻርም ርስተኛው በመሬቱ ይኖር ነበር።

ተረት 3፦ ርስት የወንድ ልጅ ብቻ ነው።

እውነታ፦ በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር። ሴት ልጅ ወደ ባሏ አገር ስትሄድ ማሳዋን ወንድሞቿ ሊያርሱት ይችሉ ነበር፤ መብቷ ግን አይሞትም ነበር፤ ልጆቿ ተመልሰው «የእናታችን ርስት» ብለው ይከራከሩ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም ይርጋ ስለማያግደው ነበር። በዘኍልቍ 27 የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆችም ወንድም ስላልነበራቸው የአባታቸውን ድርሻ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል።

ተረት 4፦ ጎንደር ውስጥ መሬት ተሽጦ አያውቅም።

እውነታ፦ የአባት ርስት መሸጥ ነውር እንደ ነበር እርግጥ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ናቡቴም ለንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታውን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ግን ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የመሬት ሽያጭ በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ በምስክር ፊት ተጽፎ ተገኝቷል። ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የተደለደለው የሪም መሬት ይሸጥና ይወረስ ነበር። ታሪክ አጥኚው ዶናልድ ክራሚ በእነዚህ ሰነዶች ሴቶችንም ባለመሬት፣ ሻጭና ገዢ ሆነው አግኝቷቸዋል።

መሬት በሕግ የማይሸጥ የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ ገበሬው የሚያወርሰው የመጠቀም መብቱን ነው።

ተረት 5፦ የሰማዩ ርስት የምድሩ ግልባጭ ነው።

እውነታ፦ መነሻው አንድ ነው፤ ጳውሎስ በሮሜ 8 ወራሽነትን ያቆመው በልጅነት ላይ ነው፤ ልጅ የሆነ ሁሉ ወራሽ ነው። የደጋው ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ልዩነቱ ያለው በአከፋፈሉ ላይ ነው። በደጋው ወራሽ በበዛ ቁጥር ማሳው ይጠባል፤ ወንድማማች ዳኛ ፊት ይቆማል። በሮሜ 8 ግን አማኞች ከክርስቶስ ጋር አብረው ወራሾች ናቸው፤ አዲስ ወራሽ ሲጨመር ከቀደመው ድርሻ የሚቀነስ የለም። ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ የማይጠፋና የማያልፍ ርስት ይለዋል። ስለዚህ የሰማዩን ርስት የሚሰብክ ሰው ከደጋው የሚወስደው የልጅነትን መብት እንጂ የድንበር ክርክሩን መሆን የለበትም።