"ሥዕሉ ስንት ነው?" ዋጋ ከይሉኝታ ሳይሆን ከሒሳብ ይጀምር

ቴሌግራም ወይም ኢንስታግራም ላይ ሥዕል ትለጥፋላችሁ፤ "ዋጋው ስንት ነው?" የሚል መልእክት ይመጣል። ብዙ ጀማሪ ሠዓሊዎች እዚህ ጋ ይሉኝታ ይይዛቸውና አፋቸው ላይ የመጣውን ቁጥር ይጠራሉ። ብሩ ሲቆጠር ግን አንዳንዴ የቀለሙን ወጪ እንኳ አይሸፍንም።

ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ በምሳሌ እንይ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ በራሳችሁ ቀይሯቸው።

👉 ወጪና ድካም፦ 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል ሠራችሁ እንበል። ሸራው፣ የተወጠረበት እንጨትና ቀለሙ 3,500 ብር ፈጀ። 25 ሰዓት ሠራችሁ፤ ለሰዓት 200 ብር ብታስቡ 5,000 ብር። ድምር 8,500። ከዚህ በታች ከሸጣችሁ ከድካማችሁ ላይ እየቀነሳችሁ ነው።

የቀለሙን ዋጋ ከድሮ ደረሰኝ አትውሰዱ። ብዙው ቀለም ከውጭ የሚገባ ነው፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ዛሬ ሱቅ ብትገቡ በምትገዙበት ዋጋ አስቡ።

👉 ኮሚሽን፦ ጋለሪዎች ከሽያጩ ከ30 እስከ 50 በመቶ መውሰዳቸው የተለመደ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ጋለሪው የሚወስደው 40 በመቶ ነው ብላችሁ 8,500 ላይ 40 በመቶ ብትጨምሩ 11,900 ይሆናል። ጋለሪው የሚቆርጠው ግን ከ11,900 ላይ ነው፤ እጃችሁ የሚገባው 7,140 ብር ብቻ። 1,360 ብር ጎደለ ማለት ነው! ትክክለኛው መንገድ 8,500ን ለ0.6 ማካፈል ነው፤ 14,200 ብር ገደማ ይመጣል።

👉 አንድ ሥዕል፣ አንድ ዋጋ፦ ጋለሪ ላይ 14,200 የተባለውን ሥዕል ቤት ድረስ ለመጣ ሰው በ9,000 ከሰጣችሁ ወሬው ጋለሪው ጋ መድረሱ አይቀርም። ለወዳጅ መቀነስ ካለባችሁም ሙሉውን ዋጋ ተናገሩና ቅናሹን ለይታችሁ ንገሩት።

👉 መጠኑ ሲለያይ፦ ርዝመቱንና ወርዱን ደምሩ። 60 ሲደመር 80፣ 140 ነው። 14,200 ለ140 ሲካፈል ለአንድ ሳንቲ ሜትር 100 ብር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ 40 በ50 የሆነው ሥዕል 9,000 ብር ገደማ ነው። በማባዛት፣ ማለትም በስፋት ካሰባችሁት ግን ወደ 5,900 ይወርዳል። ሥዕሉ ስላነሰ ድካሙ በዚያ ልክ አያንስም።

👉 ትዕዛዝ ከሆነ፦ ግማሹን ቀብድ ሳትቀበሉ ብሩሽ አታንሱ። የሰው መልክ ሥላችሁ ያዘዘው ሰው ቢቀር ሌላ ማን ይገዛዋል?

ይህ ሒሳብ የዋጋውን ወለል እንጂ ጣሪያውን አይነግራችሁም። ለጣሪያው ኤግዚቢሽን ሂዱና በእናንተ ደረጃ ያሉ ሠዓሊዎች በስንት እየሸጡ እንደሆነ ጠይቁ። ገዢ ከጠፋ ደግሞ ዋጋ ከመስበር ይልቅ አነስ ያለ ሥዕል መሥራት ይሻላል፤ አንዴ የወረደ ዋጋ ተመልሶ እስኪወጣ አበሳ ነው።

እናንተስ ዋጋ የምታወጡት እንዴት ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለሠዓሊ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉት።