ፈሪ ግልገል ዘንዶ እጅን የሚለምደው እንዴት ነው?

እጅ ሲቀርበው አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ የሚያፏጭ ትንሽ ዘንዶ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ቦል ፓይተን የሚባለው ዘንዶ የትውልድ አገሩ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ያለው የአፍሪካ ክፍል ነው፤ ዛሬ ግን በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ቤት ውስጥ ይገኛል። ከእንቁላሉ ሲወጣ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ፣ ክብደቱ ከ100 ግራም አያልፍም። በዱር ይህን የሚያህል እንስሳ ለአሞራውም ለትልልቁ እባብም ቀላል ቀለብ ነው፤ ስለዚህ ከላይ የመጣበትን ሁሉ ገዳይ ነው ብሎ ይጠብቃል። አድጎ ከአንድ ሜትር ሲያልፍ፣ ቢደነግጥም ራሱን መሐል ከትቶ እንደ ኳስ መጠቅለልን ይመርጣል። ግልገሉ ግን ለመንከስ ይፈጥናል።

በውጭ አገር የሚኖር ወላጅ ልጁ «ይህን ግዛልኝ» ቢለው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይህ ዘንዶ መርዝ የለውም። የግልገሉ ንክሻ ቆዳን ጫር አድርጎ ጥቂት ከማድማት አያልፍም።

ነገሩን ከዘንዶው በኩል እንየው። የውጭ ጆሮ የለውም፤ የእግር ኮቴ የሚደርሰው መሬቱ ሲነዝር፣ ንዝረቱ በመንጋጋው አጥንት በኩል ሲገባ ነው። ሽታን በምላሱ ከአየር እየለቀመ ላንቃው ላይ ላለው ልዩ የማሽተቻ አካል ያቀብላል። ከንፈሩ ዳር ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች ደግሞ ሙቀት ይለያሉ፤ በጨለማ አይጥ ያለችበትን የሚጠቁሙት እነሱ ናቸው። አሁን እጃችንን ዘንዶው ወደሚኖርበት ሣጥን እናስገባ፤ ትልቅ ነው፣ ይሞቃል፣ የመጣውም ከላይ ነው። ለዘንዶው ጥያቄው ሁለት ብቻ ነው፤ ሊበላኝ ነው? ወይስ የምበላው ነው? ማላመድ ማለት የሁለቱም መልስ «አይደለም» መሆኑን በተደጋጋሚ ማሳየት ነው።

ሥራው ከእጅ በፊት በሣጥኑ ይጀምራል። ይህ ዘንዶ በአገሩ ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው። ደግ የሠራ መስሎት ሰፊና ባዶ ቤት የሚሰጠው ሰው አለ፤ መደበቂያ የሌለው ግልገል ግን ሲፈራ ይውላል፣ የፈራ ደግሞ አይለምድም። በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ጫፍ ገላውን ግጥም አድርጎ የሚያስገባ ጠባብ መሸሸጊያ ይቀመጥለት። ሞቃቱ ጫፍ ወደ 32፣ ቀዝቃዛው ወደ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይስማማዋል። አዲስ የመጣ ዘንዶ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ደግሞም ደህና አድርጎ መብላት እስኪጀምር፣ አይነካ።

ከዚያ በኋላ የታጠበ እጅ ይቀርባል፤ አይጥ የነካ እጅ ምግብ ምግብ ይሸታልና። የሚቀርበውም ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ወደ ራሱ ሳይሆን ወደ ወገቡ ነው። ብዙ አርቢዎች መጀመሪያ በተጠቀለለ ወረቀት ወይም በቀጭን ዘንግ ገላውን ቀስ አድርገው ይነኩታል። ከዚህ ንክኪ በኋላ ምግብ መጥቶ ስለማያውቅ፣ ዘንዶው ውሎ አድሮ ምልክቱን ይለያል፤ የመብል ሰዓት አለመሆኑን ያውቃል። ቀጥሎ ከሥር በሁለት እጅ ደግፎ ማንሳት ነው። እዚህ ላይ ማመንታት ይጎዳል፤ እየቀረበ የሚሸሽ፣ የሚርገበገብ እጅ አዳኝ አውሬን ይመስላል። አንገቱ አይያዝ፣ ገላውም አይጨበጥ፤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተሳበ እንዲሄድ መንገድ ይሰጠው።

ለመጀመሪያው ጊዜ 5 ደቂቃ ይበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚመለስበት ሰዓት ነው። ሲያፏጭና ሲወራጭ ፈጥነን ከመለስነው፣ ማፏጨት እጅን እንደሚያባርርለት ይማራል። ስለዚህ እጃችንን አርግተን እንጠብቅ። ጡንቻው ሲላላ፣ ምላሱን ረጋ ብሎ እያወጣ አካባቢውን መቃኘት ሲጀምር፣ ያኔ ወደ ቤቱ ይግባ። ከነከሰ አይጎተት፤ ጥርሶቹ ወደ ኋላ የታጠፉ ስለሆኑ መጎተቱ ቁስሉን ያሰፋል፣ የእሱንም ጥርስ ይሰብራል። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ወዲያው ይለቃል።

ይህ የሚሠራው ለምንድን ነው? ኤሪክ ካንዴል የተባለው ሳይንቲስት አፕሊሺያ የምትባል የባሕር ቀንድ አውጣ አጥንቷል። በቀስታ ደጋግመው ሲነኳት መሸማቀቋ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጅራቷን አንዴ በኤሌክትሪክ ሲያስደነግጧት ግን ለቀላሉ ንክኪም ከበፊቱ ብሶ ትሸማቀቃለች። ካንዴል ነርቭ እንዴት እንደሚማር ባሳየበት ሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ዘንዶውም ጋ ያለው ሕግ ይኸው ነው፤ ጉዳት የማይከተለው ንክኪ ሲደጋገም ፍርሃቱ ይበርዳል፣ አንድ ኃይለኛ ድንጋጤ ደግሞ የብዙ ቀን ልፋት ያፈርሳል። ዘንዶዬ ወደደኝ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ፍቅር ነው ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን ከሰው ጋር በአንድ ቤት ለሚኖር እንስሳ ያለ ፍርሃት መዋል ትልቅ ነገር ነው።

ሰውን የለመደ ዘንዶ ምን እንደሚመስል በአፍሪካም ማየት ይቻላል፤ በቤኒን፣ ኡይዳ ከተማ ውስጥ ባለው የዘንዶ ቤተ መቅደስ የዚሁ ዝርያ ዘንዶዎች በቅዱስነት ይጠበቃሉ። ጎብኚዎች አንገት ላይ ሲደረጉ ረጋ ብለው ይቀመጣሉ፤ ወጥተው ሰው ቤት ቢገቡም በክብር ይመለሳሉ እንጂ አይገደሉም።

በእጅ የማይነሣባቸው ቀናትም አሉ። ከበላ በኋላ ለ48 ሰዓት ይተው፤ አለዚያ የበላውን ሊያስመልሰው ይችላል። ዓይኑ ሰማያዊ ጭጋግ ከለበሰም ቆዳውን ሊቀይር ነው፤ በደንብ ስለማያይ በቀላሉ ይደነግጣል።

ቦል ፓይተን በሰው ቤት ከ20 እስከ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያስቡ። ከዱር ከተያዘው ይልቅ በአርቢ እጅ የተፈለፈለውን ይምረጡ፤ የዱሩ ብዙ ጊዜ ተባይ ይዞ ይመጣል፣ ምግብም እምቢ ይላል። ጤነኛ የሚመስል ዘንዶም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል፣ ከነኩት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለዎት ግን ልጁ ከፍ እስኪል ድረስ ዘንዶ ወደ ቤትዎ አያስገቡ።